ኮሶዬ የገዛሁት ቤት

በሕይወቴ ብዙ ነገር ገዝቻለሁ። ግማሹ ተሰበረ፣ ግማሹ ጠፋ፣ አንዳንዱንም ምን ነክቶኝ እንደገዛሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ኮሶዬ የገዛሁት ቤት ግን አንድም ቀን አጸጽቶኝ አያውቅም። ጎንደርን የሚያህል ከተማ ትተሽ መንገድ ዳር ለተኮለኮሉ ጥቂት ቤቶች ብለው የሳቁብኝ ሁሉ ኋላ እየመጡ ሻዬን ጠጥተዋል። ያን ቤት ሊያሳጣኝ የተቃረበው ብርዱ አልነበረም፤ ሻጩም አልነበረም። የገዛ አባቴ ብዕር ነበር።

አባቴ የቁስቋም ቄስ ነበሩ። ቁም ጸሐፊም ነበሩ። በጎንደር አድባራት የእጃቸውን ጽሕፈት የማያውቅ አልነበረም፤ በዕድሜያቸው አንድ መስመር ተሳስተው ፍቀው አያውቁም ይባልላቸው ነበር። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እሳቸው ግን ሲባል ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ማንበብ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል የሚሏቸውን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው።

የምንኖርባት ጎጆ የደብሩ ነበረች። ከደጃችን የእቴጌዋ የፈረሰ ግንብ ይታያል። እንግዳ ሲያየው አፉን ይዞ ይቀራል፤ እኔ ግን ጣሪያ የሌለው ቤት ማየት ከልጅነቴ ሰልችቶኝ ነበር። የራሴ የሆነ፣ ጣሪያ ያለው፣ ጓሮው ጎመን የሚያበቅል ቤት እመኝ ነበር። ሌላ ትልቅ ምኞት አልነበረኝም።

ጣሊያን ወጥቶ ንጉሡ በተመለሱ በጥቂት ዓመት ውስጥ አገባሁ። ባለቤቴ ግንበኛ ነው። ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ ከሚጠግኑት ሠራተኞች ጋር ይሠራ ነበር። ከተማ መሐል አንዲት ክፍል ተከራየን። አከራያችን ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ግን ድስቴ ውስጥ ያለውን ከእኔ ቀድማ ታውቃለች። ግድግዳዬ ላይ ሚስማር እንዳትመቱብኝ ስላለችን ባለቤቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ካፖርቱን ወንበር ላይ ሲያነጥፍ ኖረ። የሰው ግድግዳ ሲያቆም የሚውል ሰው፣ ማታ ሲገባ ካፖርቱን የሚሰቅልበት ግድግዳ የለውም። እሱ ምንም አይልም ነበር፤ የምናደደው እኔ ነበርሁ። ከማዶ ያለውን ጎረቤቴን ደግሞ የማውቀው በሳሉ ብቻ ነበር። ፊቱን ያየሁት ሲለቅ ነው።

አንድ ቀን ባለቤቴ ሥራ ቦታውን ላሳይሽ ብሎ በጭነት ማኪና ኮሶዬ ወሰደኝ። ብርዱ አጥንት ይገባል። አንድ መንገድ፣ በግራና በቀኙ የተሰደሩ ቤቶች፣ ጽድ የከበበው ቤተ ክርስቲያን፣ ከገደሉ አፋፍ ሲያዩት ደግሞ ወደ ቆላው የሚወርድ ማለቂያ የሌለው አገር። እኔ ግን ያየሁት ገደሉን አይደለም። ያየሁት አንዲት ሴት እሳት ልትጭር ጎረቤቷ ቤት ስትገባ ነው። ገባች፤ ቆየች። ስትወጣ በአንድ እጇ ፍም፣ በሌላው ቁራሽ ዳቦ ይዛ፣ ቤት ውስጥ የጀመረችውን ወሬ ግቢው መሐል ሆና ትጨርስ ነበር። በዚያች ቀን ማንነቴን ሦስት ሰው ጠየቀኝ፤ ሦስቱም መልሴን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስንመለስ ማኪናው ላይ ለባለቤቴ እዚህ ነው የምንኖረው አልሁት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ተወ።

ቤቱን ለማግኘት ብዙ አልደከምንም። አንድ ገበሬ ከልጆቹ ጋር ሳንጃ ወርዶ ሰሊጥ ሊያርስ ተነሥቶ ነበርና ቤቱን መሸጥ ፈለገ። ሣር ክዳን የጭቃ ቤት ነው። ከኋላው ጥቁር አፈር ያለው ጓሮ፣ ከፊቱ እስከ መንገዱ የሚደርስ ግቢ፣ ዙሪያውን ደረት የሚደርስ የድንጋይ አጥር አለው። ባለቤቴ ድንጋዩን በእጁ እየነካ ዞረ፤ ግንበኛ ሲወድ እንዲህ ነው።

በዚያ አገር ቤትና ቦታ ለዘመድ ሳይነገር ለባዳ አይሸጥም። ስለዚህ ሻጩ ዘመዶቹን ሰበሰበ። ከሁሉ የምትከበረው ታላቅ እህቱ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ቤቷ ከዚሁ ቤት አጥር ለአጥር የሆነ፣ የዚያ አገር እናቶች ሁሉ በእጇ የወለዱባት አዋላጅ። እሷ እንቢ ካለች ነገሩ አለቀ። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ነጭ ሽንኩርት መትከል ትችይ እንደሆን ብላ ጠየቀችኝ። እችላለሁ አልሁ። ወደ ወንድሟ ዞራ፣ ትግዛው፣ ሸጋ ሴት ትመስላለች አለች። የእኔ ነገር በዚህ አለቀ።

የቀሩት አባቴ ነበሩ። ስነግራቸው ብዕራቸውን አስቀመጡ። የቁስቋምን ቅዳሴ ጥለሽ ጉም ልትቀልቢ ነው አሉኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ፤ ሦስተኛው ላይ፣ እንግዲያው ውሉን የምጽፈው እኔ ነኝ አሉ። ይህን ያህል ብቻ ከሆነ ብዬ ደስ እያለኝ ተቀበልሁ። ሌላው ሰው ወረቀት ላይ አጽፎ ይፈራረማል፤ አባቴ ግን የፍየል ቆዳ ዳምጠው ብራና አዘጋጁ። ድሮ በጎንደር የርስት ሽያጭ የሚጻፈው በወንጌሉ ዳርቻ ላይ ነበርና፣ እሳቸውም ያን የመሰለ ውል ካልሆነ ውል አይመስላቸውም። ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ወሰኑን በጥቁር፣ የእግዚአብሔርን ስም በቀይ ቀለም ጻፉ። ከዚያ በበቅሎ ተቀምጠው ኮሶዬ ወጡ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ጽዱ ሥር ቆሞ አባቴ ውሉን አነበቡ። ድምፃቸው ያምራል። እኔ ሴቶቹ መካከል ቆሜ በኩራት ልፈነዳ ነው። እውነቱን ልናገርና ድምፁን እንጂ ቃሉን አልሰማሁም። ጎመኑን ከወዲህ፣ ሽንኩርቱን ከወዲያ እያልሁ በሐሳቤ ጓሮዬን እቆፍር ነበር። በመጨረሻ አባቴ መስቀላቸውን አነሡና ግዝቱን ተናገሩ፤ መጀመሪያ በግዕዝ፣ ከዚያ በአማርኛ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ የሻጩ እህት ቀስ ብላ አሜን አለች፤ ሌላውም ተከተላት። እኔም አሜን አልሁ።

የገባን ዕለት ባለቤቴ አምስት ሚስማር መታ። የሚሰቀል ልብስ ያለን ሁለት ነው፤ ሦስቱን ለደስታው ነው የመታው። በሳምንቱ ሁለት መደብ ሠርቶ ግቢዬን ሻይ ቤት አደረገልኝ። ወደ ደባርቅ የሚወጡ ሾፌሮች ማኪናቸውን አቁመው እየገቡ ይጠጡ ጀመር። ብርድ ላለበት አገር ትኩስ ሻይና ዳቦ ማን ይጠላል?

የኮሶዬ ሰው ግን አልገባም። ለቤቱ ምርቃት ጠላ ጠምቄ፣ ዳቦ ደፍቼ፣ ቤት ለቤት ዞሬ ጠራሁ። ሁሉም እሺ አለ። በቀኑ አንድ በአንድ እየመጡ ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። ቤቱን የሰው ቤት ያድርግላችሁ ብለው በአጥሩ ላይ መርቀውን ሄዱ። ግቡ ስላቸው ደረታቸውን ይዘው ጎንበስ ይላሉ፤ ደኅና ዋሉ ይላሉ፤ ይሄዳሉ። የዚያን ሁሉ ሰው ዳቦ ሾፌሮች ናቸው የበሉት።

ከዚያም ወዲያ ያው ነው። መንገድ ላይ ሳገኛቸው ስለ ጤናዬ፣ ስለ ባሌ፣ ስለ አባቴ፣ ስለ ዶሮዎቼ ሳይቀር ይጠይቁኛል። ጠዋት ስነሣ አጥሩ ላይ ድንች ተቀምጦ አገኛለሁ፤ አንዳንዴ እሸት ባቄላ። እኔም ዳቦ አስቀምጥላቸዋለሁ። ድንጋዩ ላይ እየተለዋወጥን ነው የምንኖረው። የት አገር ሰው መሆኑን የማላውቀው ሾፌር ገብቶ መደቤ ላይ ይንጠራራል፤ የአጥር ጎረቤቴ ግን እግሯን አታነሣም። ሰው ፍለጋ መጥቼ ከጎንደር የባሰ ብቻዬን ቀረሁ።

እኔ ደግሞ ንዴቴ ቅርብ ነው። ንቀውን ነው አልሁ። ሻይ ሻጭ ብለው እኔን፣ የእጅ ባለሙያ ብለው ባለቤቴን ንቀዋል። ባለቤቴ፣ ለናቁት ሰው ድንች አይሰጡም አለኝ፤ ጊዜ ስጫቸው። እኔ ግን ለናቀኝ ሰው አልለማመጥም ብዬ አንገቴን አቀናሁ። በዚህ መካከል አረገዝሁ። ሆዴ ሲገፋ የአዋላጇ ዓይን ከአጥሩ ማዶ ይከተለኝ ነበር። ውኃ አትሸከሚ፣ ጎንበስ አትበይ ትለኛለች፤ ሁሉንም ከማዶ ሆና ነው። እኔም አጠር አድርጌ እመልስላታለሁ።

በሰባተኛው ወር ላይ ነው ነገሩ የፈነዳው። ከምንጭ ውኃ ይዤ ስመለስ ግቢዬ ውስጥ፣ ከበሩ ሦስት እርምጃ ገባ ብዬ፣ ጭቃው አንሸራተተኝ። እንስራው ተሰበረ፤ እኔ በጉልበቴ ወደቅሁ። አዋላጇ አየችኝ። በዚያ ዕድሜዋ ሮጣ በሩ ጋ ደረሰችና ከኋላዋ ሰው እንደያዛት ቀጥ ብላ ቆመች። አንድ እጇን ድንጋዩ ላይ አድርጋ፣ ሌላውን ወደ እኔ ዘርግታለች።

"ልጀ፣ ቀስ ብለሽ ወደ እኔ ነይ" አለችኝ። "እኔ ወደ አንች መምጣት አልችልም።"

ያን ጊዜ የሆዴን ሁሉ አወጣሁት። ምን በደልኋችሁ አልሁ፤ ሰው ወድቆ እንኳ የማታነሡት ምነው ብዬ ጭቃው ላይ እንደተንበረከክሁ አለቀስሁ። እሷም አለቀሰች። በለቅሶ ድምፅ የነገረችኝን እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

"አባትሽ አስረውን የለም ወይ? ከወንድሜ ወገን እስከ ሰባት ቤት ድረስ ከዚህ አጥር የገባ ይገዘት ብለዋል። በዚህ አገር ከሰባት ቤት የወጣ ማን አለ? ቄሳችንም የአጎቴ ልጅ ነው። እኛማ እናንተ የፈለጋችሁት መስሎን ነው። ግቡ ስትይንም ለወጉ ያህል መስሎን ነበር። የከተማ ሰው ብቻውን መኖር ይወዳል ብለን ተውነው።"

ድንጋዩን ተደግፌ ተነሣሁ። እሷ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ የተወለደችው እዚያ ቤት ውስጥ መሆኑን፣ እትብቷም ከጓሮው ጥግ መቀበሩን ነገረችኝ። እናቷ የሞተችውም እዚያው ነው። እኔ ከገባሁ ወዲህ ግን ከማዶ ሆና ጎመኔን ከመቁጠር በቀር አንድም ቀን አልረገጠችውም።

ቤት ገብቼ ሣጥኔን ከፈትሁ። ብራናው እንደተጠቀለለ ነው። ማንበብ የምችል ሴት፣ የቤቴን ውል ዓመት ሙሉ ሣጥን ውስጥ ቆልፌ አንድም ቀን አላነበብሁትም። አነበብሁት። እውነቷን ነው። የአባቴ ጽሕፈት እንደ ወትሮው ውብ ነው፤ እስከ ሰባት ቤት የሚለው ደግሞ በቀይ ቀለም ነው የተጻፈው። ቄስ ናቸዋ! ዕድሜያቸውን ሙሉ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ የኖሩ ናቸው። ያንኑ ቆጠራ ውሉ ውስጥ ከተቱት። ለጎንደር ሰው ሰባት ቤት ማለት ሩቅ ነው። ለኮሶዬ ግን አገሩ ሁሉ ነው።

አዋላጇ መላ አላጣችም። ቀንሽ ሲደርስ እኔ ቤት መጥተሽ ትወልጃለሽ አለችኝ። አመሰገንኋትና አይሆንም አልሁ። የራሴን ቤት ገዝቼ ሰው ቤት አልወልድም። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ፣ አንች የአባትሽ ልጅ ነሽ አለኝ፤ ማመስገኑ አልነበረም። ግዝትን የሚፈታው ደግሞ ያሰረው ነው። ስለዚህ በማግሥቱ ማኪና አስቆምሁና ጎንደር ወረድሁ።

አባቴ ብራና ላይ መስመር እያሰመሩ አገኘኋቸው። ሁሉን ነገርኋቸው። ቀና ሳይሉ ሰሙኝና፣ ጥሩ ነው፣ ሠርቷል ማለት ነው አሉ። ከዚያ ነግረውኝ የማያውቁትን ነገሩኝ። አባታቸው እሳቸው ልጅ ሳሉ ቤት ገዝተው ነበር። የሻጩ ዘመዶች መጀመሪያ ለበዓል መጡ፤ የአባቴ እናት እግራቸውን አጥባ ተቀበለቻቸው። በየዓመቱ እየመጡ ያድሩ ጀመር። የእነዚያ ዘመዶች አያት ሲሞቱ ለቅሶውን እዚያው ተቀመጡ። ኋላ የአያታችን ቤት ነው፣ ስንገባ ስንወጣበት ኖረናል ብለው ዳኛ ፊት ቆሙና ረቱ። የአባቴ ቤተሰብ ዕቃውን ተሸክሞ ወጣ። የደብሩ ጎጆ ውስጥ ያደግነው ለዚህ ነው።

"አንቺን ማንም አያስወጣሽም" አሉኝ። "እኔ ዘግቼዋለሁ።"

አዘንሁላቸው። ቢሆንም ንዴቴ አልበረደም። "አባየ፣ የሚያስወጣኝ ሰው አልመጣም" አልሁ። "የጠፋው የሚገባ ሰው ነው። እንዲህ ከሆነ ልጄን ማን ይቀበልልኝ?"

ብዕራቸውን ቀለም ነክረው ጽሕፈታቸውን ቀጠሉ። መስቀላቸውን ሳልሳለም ወጣሁ፤ ከዚያ በፊት አድርጌው አላውቅም። ማኪናው ላይ ኮሶዬ እስክደርስ አለቀስሁ። ሾፌሩ የሚለኝ ቢጠፋው ከረጢቱ ውስጥ የነበረውን ብርቱካን ሰጠኝ።

ሁለት ሳምንት ወሬ የለም። እኔም ተስፋ ቆርጬ ሳይሆን እልህ ይዞኝ፣ ባለቤቴን የአልጋውን እግር አጠናክርልኝ አልሁት፤ ብቻዬንም ቢሆን እዚሁ ነው የምወልደው። እሱ አልጋውን አጠናከረ። የት ሄጄ ሰው ላምጣ እያለ ማዘኑን ግን አውቃለሁ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጨው የጫነ ማኪና ደጄ ቆመ። ከጆንያው ላይ አባቴ ወረዱ። በዕድሜያቸው ማኪና ላይ ወጥተው አያውቁም። ጥምጥማቸው ተጣሞ፣ ፊታቸው አቧራ ለብሶ፣ እግራቸው መሬቱን ማመን አቅቶት ቆሙ። ከውሉ ቀን በቀር እሑድ ቁስቋምን ጥለው ሌላ ቦታ ውለው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሮጬ ግቡ አልኋቸው። አልገባም አሉ። ያሰርኋቸው ሳይገቡ እኔ አልገባም ብለው ቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ፤ እዚያው አደሩ።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ጽድ ሥር ቆሙ። ያ ሁሉ ሰው በዚያን ዕለት እንደቆመው ቆሟል። አሁን አንዲት ቃል ሳታመልጠኝ ሰማሁ።

"የሰባት ቤት ቆጠራ የተማርሁት ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው" አሉ። "እኔ ግን ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይገናኝ ቆጠርሁበት። ከመፍታቴ በፊት እናንተ ፍቱኝ።"

ፍቱኝ የሚለው ሁልጊዜ ሕዝቡ ነው፤ ቄስ ለሕዝብ ሲል የሰማ አልነበረም። የአገሩ ቄስ መሬት መሬት ያያሉ። አዋላጇ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ጎንበስ ብላ፣ "እግዚአብሔር ይፍታዎ፣ አባ" አለች። ሌላው ሁሉ ተከትሎ አለ። የአባቴ ጉንጭ ረጥቦ ነበር፤ መስቀላቸውን አንሥተው ፈቱ። ድምፃቸው በዚያን ቀን አላማረም። ለእኔ ግን ከዚያ የሚበልጥ አልሰማሁም።

ከዚያ ሁላችንም ወደ ቤቴ ሄድን። አባቴ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ብራናውን አምጪ አሉኝ። ከቀለም ቀንዳቸው ጋር የሚይዟትን ትንሽ ካራ አወጡ፤ ሰው ሁሉ እያየ ያን መስመር ፋቁት። ለመፋቅ ከመጻፍ የበለጠ ጊዜ ወሰደባቸው። ዱቄቱን እፍ ብለው፣ ግቡ አሉ።

የመጀመሪያዋ አዋላጇ ነበረች። በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። መስቀሉን ተሳለመች፤ ቀኝ እግሯን አስገባች። ወደ ጓሮ ሄዳ ጥጉ ጋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ወደ ቤቱ ገባች። እኔ ታለቅሳለች ብዬ ተከተልኋት። ዙሪያውን አየችና ቁጣ ቁጣ አላት።

"አልጋሽን ምነው እዚህ አደረግሽው? በዚህ በኩል ነፋስ እንደሚገባ አታውቂም? ዓመት ሙሉ በመስኮት እያየሁ ስቃጠል!"

አልጋውን አራት ሰው ይዞ በዚያው ሰዓት አዛወረው። ቤቱ ሞላ፤ መደቡ ሞላ፤ ግቢው ሞላ። ያልደገስሁት ምርቃት በየሰው እንቅብ እየተያዘ መጣ። አባቴ ሁሉም እስኪገባ በሩ ላይ ሆነው መስቀል ሲያሳልሙ ቆዩ። የመጨረሻዋ ሕፃን በእናቷ ጀርባ ካለፈች በኋላ ነው የገቡት። መቀመጫ ስላልተረፈ የበሩ መድረክ ላይ ተቀመጡ። ባለቤቴ ካፖርታቸውን ተቀብሎ ከትርፎቹ ሚስማሮች በአንዱ ሰቀለላቸው።

ልጄ የተወለደችው በግንቦት፣ በቀትር፣ በገበያ ቀን ነው። ምጡ ረጅም ነበር። የገበያው ሴቶች ግማሹ ግቢዬ ውስጥ ነበሩ፤ ሌላው ግማሽ ከውጭ ምን ሆነች እያለ ይጠይቃል። ሾፌሮቹ በዚያ ቀን ሻይ አላገኙም። አዋላጇ ልጅቷን ተቀብላ እትብቷን ከእሷው እትብት አጠገብ ቀበረችው።

አዋላጇ ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት ኖረች። ነጭ ሽንኩርቴን አንድም ዓመት ሳታርም አልቀረችም። ልጄ አድጋ ለባል ስትደርስ የጠየቃት ከሳንጃ ለአያቱ እህት ለአዋላጇ ለቅሶ የመጣ ወጣት ነበር፤ የዚያ የሻጫችን የልጅ ልጅ። አባቴ ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ የሰባት ቤቱን ቆጠራ ግን ለሌላ ቄስ አልሰጡም። ሁለቱንም ወገን አስቀምጠው ግማሽ ቀን ቆጠሩ። ዝምድና የለም፣ ይጋቡ አሉ።

የመጀመሪያው ልጃቸው የተወለደውም እዚያው ቤት፣ እዚያው አልጋ ላይ ነው። ሕፃኑን አባቴ ጭን ላይ አስቀመጥሁላቸው። ጥቂት ዳበሱትና ብራናውን ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። በጣታቸው መስመር በመስመር እየዳሰሱ ሄዱ፤ የተፋቀው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እዚያ ላይ ቆዳው ስስ ነው።

"ይህ ልጅ ከዚያ ሰውዬ ስንተኛ ቤት ነው?" አሉኝ።

"አራተኛ" አልኋቸው።

ሕፃኑን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። "እንኳን ፋቅሁት" አሉ።